በ60 ጊጋሄርዝ ጠፍጣፋ አንቴና፦ ኤስ11ኡ አምሮ ሳለ ጌይኑ የወደቀው ለምንድን ነው?

አምስት ሚሊሜትር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ሥራዬ ከ57 እስከ 66 ጊጋሄርዝ ባለው ባንድ የሚሠራ፣ ውፍረቱ ከ20 ሚሊሜትር የማይበልጥ ጠፍጣፋ አንቴና መንደፍ ሲሆን፣ ዓላማው 200 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ሕንፃዎች መካከል መረጃ ማስተላለፍ ነው። መስመሩን በወረቀት ሳሰላው በ60 ጊጋሄርዝ የ200 ሜትር የነጻ ሕዋ ብክነት 114 ዲቢ ይመጣል፤ ኦክስጅን በዚህ ባንድ በኪሎሜትር ወደ 15 ዲቢ ስለሚውጥ 3 ዲቢ ይጨመርበታል። የማስተላለፊያው ኃይል 10 ዲቢኤም፣ የተቀባዩ ኖይዝ ፊገር (ተቀባዩ ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ) 8 ዲቢ ነው ብዬ ለአንድ የ2.16 ጊጋሄርዝ ቻናል ሳሰላ፣ በሁለቱም ጫፍ 20 ዲቢአይ አንቴና (ዲቢአይ የጌይን፣ ማለትም አንቴናው ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ የሚያከማችበት መጠን፣ መለኪያ ነው) ብሰቅል ሲግናሉ ከኖይዙ የሚበልጠው በ6 ዲቢ ገደማ ብቻ ነው፤ 30 ዲቢአይ ብሰቅል ግን ብልጫው ወደ 26 ዲቢ ይደርሳል። ስለዚህ 30 ዲቢአይ ለእኔ ግዴታ እንጂ ቅንጦት አይደለም።

እስካሁን ሁለት ንድፍ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ውፍረቱ 0.254 ሚሊሜትር፣ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 2.2 በሆነ ቦርድ ላይ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አሥራ ስድስት ፓች (የሚጨርር ትንሽ የመዳብ ቁራጭ) በተከታታይ የተያያዘበት አሬይ (የአንቴናዎች ድርድር) ነው። በረድፉ መጨረሻ የተረፈውን ኃይል የሚውጥ ጭነት ስላለ፣ መሐል ባንድ ላይ ካለች ትንሽ ጉብታ በቀር ኤስ11ኡ (ከመግቢያው ተንጸባርቆ የሚመለሰው ኃይል መጠን፣ ሲያንስ የሚሻለው) ጥሩ ነው። ነገር ግን በ61.5 ጊጋሄርዝ 28 ዲቢአይ የነበረው ጌይን በ57 እና በ66 ጊጋሄርዝ፣ ፊት ለፊት ባለው አቅጣጫ፣ ከ15 ዲቢ በላይ ይወርዳል።

ሁለተኛው በ4 ሚሊሜትር ርቀት የተደረደሩ 16×16 ፓቾች ያሉት ሲሆን፣ ማይክሮስትሪፕ መስመሩ (በቦርዱ ገጽ ላይ የታተመው የመዳብ መስመር) እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፈለ ለሁሉም ፓች እኩል ርዝመት ይዞ ይደርሳል። 4×4 የሆነው ክፍሉ በሲሙሌሽን 20 ዲቢአይ ሰጥቶኝ ስለነበር ከ16×16ቱ 32 ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን መሐል ላይ 28.4፣ ጫፎቹ ላይ ደግሞ 26 ገደማ ነው። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ኤስ11ኡ ነው። የ4×4ቱ በባንዱ ጫፎች ወደ −5.5 ዲቢ ሲሆን፣ የ16×16ቱ በመላው ባንድ ከ−11 ዲቢ በታች ነው። ፓቹም መከፋፈያውም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ትልቁ ከትንሹ በተሻለ ሊዛመድ የቻለው እንዴት ነው?

በመጨረሻም 4×4ቱን አሠርቼ ስለካው ሬዞናንሱ ከሲሙሌሽኑ 1.5 ጊጋሄርዝ ዝቅ ብሎ ተገኘ። መለወጥ ያለብኝ ኤለመንቱን (እያንዳንዱን ፓች) ነው፣ ፊድ ኔትወርኩን (ኃይሉን ለፓቾቹ የሚያከፋፍለውን መስመር) ነው ወይስ ሐሳቡን ራሱን?


የሞገድ መንገድ

ጤና ይስጥልን። መልሱን የያዘው ያ ግራ ያጋባዎት ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የፓችዎን ባንድዊድዝ በእጅ እናስላው። ውፍረቱ 0.254 ሚሊሜትር፣ ቋሚው 2.2 ሆኖ በ61.5 ጊጋሄርዝ የሚሠራ አንድ ተራ ፓች ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ባንድ ይሸፍናል። እርስዎ የሚፈልጉት ከ57 እስከ 66 ሲሆን ይህም 14.6 በመቶ ነው። ስለዚህ በባንዱ ጫፎች ፓቹ ራሱ ከሚደርሰው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ኤስ11ኡ −4 ዲቢ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህ የተመለሰ ኃይል ግን ወደ መግቢያው ሲመጣ ያንኑ መስመር እንደገና ያቋርጣል። መስመርዎ ሲሄድ 3.6 ዲቢ ከበላ ሲመለስም 3.6 ይበላል፤ −4 የነበረው መግቢያው ላይ −11 ሆኖ ይነበባል። 4×4ቱ አጭር መስመር ስላለው ብክነቱ አንድ ዲቢ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ የፓቹን ጉድለት ሳይሸፍን እንዳለ አሳየዎት። ትልቁ አሬይ የተሻለ ተዛምዶ ሳይሆን፣ መልስ ይዞ የሚመጣውን መልእክተኛ መንገድ ላይ አስቀርቶ ነው። 50 ኦም ሬዚስተር ብትሰቅሉም ኤስ11ኡ ያማረ ይሆናል፤ ከእሱ ግን ምንም አይጨረርም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ወደ ፊድ ኔትወርኩ ልለፍ። በእኩል ርዝመት በሚከፋፈል መስመር ላይ ኃይሉ ከመሐል ተነሥቶ እስከ አንዱ ፓች የሚሄደውን ርቀት ይቁጠሩት። ለ16×16፣ በአንዱ አቅጣጫ 4 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ሲደመር ግማሽ፣ ማለትም የፓች ርቀት 7.5 እጥፍ ይሆናል፤ በሁለቱም አቅጣጫ 15 እጥፍ፣ በ4 ሚሊሜትር ሲባዛ 60 ሚሊሜትር። ማይክሮስትሪፕዎ በሴንቲሜትር 0.6 ዲቢ ቢያባክን፣ ይህም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ክፉ ቁጥር አይደለም፣ 3.6 ዲቢ ከመጨረሩ በፊት አልቋል። የቀረው ጉድለት መስመሩ ከፓቾቹ ጋር በአንድ ገጽ ላይ ተዘርግቶ በየመታጠፊያው ስለሚጨርር ነው።

ቁጥሩን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ቢያዩት ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር ያገኛሉ። አሬዩን ወደ 32×32 ቢያሳድጉት ዳይሬክቲቪቲው (ብክነቱ ሳይቆጠር ያለው ጌይን) በ6 ዲቢ ይጨምራል፤ መስመሩ ግን 124 ሚሊሜትር ይሆንና ብክነቱ 7.4 ዲቢ ይደርሳል። አራት እጥፍ ቦርድ ከፍለው የሚያገኙት ጭማሪ 2 ዲቢ ያህል ብቻ ነው። ወደ 64×64 ቢሄዱ መስመሩ 252 ሚሊሜትር፣ ብክነቱ 15 ዲቢ ይሆንና ጌይኑ መጨመሩን ትቶ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር በዚህ ቦርድና በዚህ መስመር የሚደረስበት ጣሪያ አለ፤ ኤለመንቱን የቱንም ያህል ቢያሻሽሉ ጣሪያው ከፍ አይልም።

የመጀመሪያው ንድፍዎ ችግር ሌላ ነው። በተከታታይ በተያያዘ ረድፍ ላይ ፓቾቹ በአንድ ፌዝ (ሞገዳቸው እኩል ወጥቶ እኩል እየወረደ) የሚሠሩት በመሐል ፍሪኩዌንሲው ብቻ ነው። በ66 ጊጋሄርዝ ላይ እያንዳንዱ ፓች ከቀዳሚው ተጨማሪ 26 ዲግሪ ያህል የፌዝ መዘግየት ይይዛል፣ ይህም ሲጠራቀም ጨረሩን ወደ ጎን ወደ 5 ዲግሪ ያንሸራትተዋል። የጨረርዎ ስፋት ራሱ 4 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በባንዱ ጫፍ ላይ ተቀባዩ ቆሞ የሚያየው ዋናውን ጨረር ሳይሆን ከእሱ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። 15 ዲቢ የወደቀውም ለዚህ ነው። ይህን ንድፍ ለራዳር ወይም በፍሪኩዌንሲ ጨረር ለማዞር ለሚፈልግ ሰው ይተዉለት።

የእኔ ምክር ኃይሉን ረጅሙን መንገድ በባዶ ዌቭጋይድ (ሞገዱ በውስጡ በሚጓዝበት የብረት ቱቦ) እንዲያጓጉዙት ነው። ለዚህ ባንድ የሚያገለግለው ደረጃውን የጠበቀ ዌቭጋይድ ውስጡ 3.76 በ1.88 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ብክነቱ በሜትር 2 ዲቢ ገደማ ነው። በሴንቲሜትር አላልኩም፣ በሜትር ነው። 3.6 ዲቢ ያስከፈለዎት ያው ስድስት ሴንቲሜትር እዚህ ላይ ከ0.2 ዲቢ በታች ይሆናል። ችግሩ ይህ ዌቭጋይድ ከነግድግዳው በ4 ሚሊሜትር ርቀት መካከል ተመቻችቶ አይገባም። ስለዚህ አራት አራት ኤለመንቶችን በአንድ ትንሽ ካቪቲ (ባዶ የብረት ክፍል) ሰብስበው እያንዳንዱን ካቪቲ ከታች በአንድ ቀዳዳ ይመግቡት፤ በዚያን ጊዜ በዌቭጋይድ የሚመገቡት ነጥቦች 8×8 ብቻ ይሆናሉ፣ ርቀታቸውም 8 ሚሊሜትር ይሆንና ቦታ ይገኛል።

ይህ የምኞት ንድፍ አይደለም። የቶኪዮ ቴክኖሎጂ ተቋም የሂሮካዋና የአንዶ ቡድን በ2011 ባሳተመው ሥራ ላይ ቀጫጭን የመዳብ ሉሆችን በሙቀትና በግፊት አጣብቆ በዚሁ መንገድ የሚመገብ 16×16 የስሎት (በብረቱ ላይ የተቀደደ ጠባብ ስንጥቅ) አሬይ ሠርቷል፤ በ61.5 ጊጋሄርዝ 32.9 ዲቢአይ ጌይንና 83.6 በመቶ ኤፊሸንሲ ለክተዋል። የእርስዎን ስፋት ካለው አሬይ ጋር ቢያነጻጽሩት ልዩነቱ ኤለመንቱ ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ መሆኑ በግልጽ ይታያል።


ቀንድና ሌንስ

ከላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው፤ እኔ የምቃወመው ግን መነሻውን ነው። ለምን አሬይ? መስመሩ ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው፣ ጨረሩ አይዞርም፣ ባንዱ ሰፊ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ፊድ ኔትወርክ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለበት አንቴና ቀድሞውኑ አለ።

በ60 ጊጋሄርዝ 30 ዲቢአይ የሚሰጥ ፓራቦላ ሳህን፣ ኤፊሸንሲው 60 በመቶ ነው ብለን ብናሰላው፣ ዲያሜትሩ 65 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከቡና ሲኒ አፍ ብዙም አይበልጥም። ኃይሉ ከቀንድ አንቴናው ወጥቶ በአየር ላይ ይሄዳል፣ አየር ደግሞ መስመር አያስከፍልም። ሬዞናንስ የሚባል ነገር ስለሌለው ባንዱን የሚወስነው መጋቢው ቀንድ ብቻ ነው፣ ቀንድ ደግሞ ሙሉውን የዌቭጋይድ ባንድ ያለችግር ይሸፍናል። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ በ1890ዎቹ ካልካታ ውስጥ በሚሊሜትር ሞገዶች ሲመራመር ቀንድና ሌንስ ተጠቅሞ ነበር፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም ከእነሱ የረከሰ ሰፊ ባንድ አላየሁም።

የገጹ ትክክለኛነት ያሳስበኛል ካሉም የሩዝ ቀመር አለልዎት። ጆን ሩዝ በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ መሠረት የሳህኑ ገጽ ስሕተት በአማካይ 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን በ60 ጊጋሄርዝ የሚቀነሰው ጌይን 0.27 ዲቢ ብቻ ነው። ስሕተቱ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ካደገ ግን 2.5 ዲቢ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ሳህን አይሆንም፣ በቶርኖ ማሽን የተላገ ግን ይበቃል።

ሌንስም ቢሆን ጥሩ ነው። ዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 2.5 አካባቢ የሆነ ፕላስቲክ ቢጠቀሙ በእያንዳንዱ ገጽ የሚመለሰው 5 በመቶ ያህል ነው፤ በሁለቱ ገጾች ግማሽ ዲቢ አይሞላም። ክብደት ለመቀነስ ብለው ሌንሱን በእርከን እርከን ቆርጠው አያሳንሱት እንጂ፤ እርከኑ የሚቆረጠው በአንድ የሞገድ ርዝመት ተለክቶ ስለሆነ ሰፊ ባንድ ሲፈልጉ የከፈሉለትን መልሶ ይነጥቅዎታል።


አምስት ሚሊሜትር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የኤስ11 ነገር ለሁለት ወር ሲያንከራትተኝ ቆይቶ በአንድ አንቀጽ ሲፈታ ማየቴ ደስም አሰኝቶኛል፣ ትንሽም አሳፍሮኛል። መስመሩን ብክነት አልባ አድርጌ ሲሙሌሽኑን ደግሜ ሠራሁት፤ የ16×16ቱ ኤስ11 በጫፎቹ ወደ −4 ወጣ።

ስለ ሳህኑ ግን፣ አንቴናው ከሬዲዮው ጋር አንድ ላይ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት፤ አማካሪዬ የሰጡኝ 20 ሚሊሜትር ለአንቴናው ብቻ ነው። የ65 ሚሊሜትር ሳህን ትኩረት ነጥቡ ከዲያሜትሩ 0.35 እጥፍ ላይ ቢሆን እንኳ 23 ሚሊሜትር ይርቃል፣ ቀንዱና መታጠፊያው ሳይቆጠር ማለት ነው። ሌንሱ ደግሞ ከዚያም የጠለቀ ቦታ ይፈልጋል። ገደቡ ባይኖር ሳህኑን እመርጥ ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ዌቭጋይዱን ከሁለት የብረት ሳህኖች ባሠራው በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ቢቀር ምን ይሆናል? ሉሆችን በሙቀት የሚያጣብቅ ፋብሪካ አጠገቤ የለም፤ ያለኝ በሲኤንሲ የሚቀርጽ ወርክሾፕ ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ፓች ላይ ከፊል አንጸባራቂ ገጽ አስቀምጦ ያለ ምንም ፊድ ኔትወርክ ከፍተኛ ጌይን የሚያገኘው የፋብሪ ፔሮ አንቴና ለእኔ አይሆንም? ቀጭንም ነው፣ ቀላልም ነው።


ቦርድ ጠራቢ

ከሁለቱ ጥያቄዎች በፊት፣ ማንም ያላነሣውን 1.5 ጊጋሄርዝ ላንሣ። እኔ የምሠራው የታተመ ቦርድ በሚመረትበት ቦታ ስለሆነ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው ያረፈው።

የሠሩልዎት ቦርድ አረንጓዴ ነው? አረንጓዴ ከሆነ ሶልደር ማስኩ (የቦርዱ መከላከያ ቀለም) ፓቾቹን ሸፍኗቸዋል ማለት ነው። ፋይሉ ላይ ይከፈት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ማንኛውም አምራች በልማድ ሁሉንም ነገር ይቀባል። ያ ቀለም ውፍረቱ 20 ወይም 30 ማይክሮሜትር ነው፣ ለ2 ጊጋሄርዝ አንቴና ቁም ነገር አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን መስኩ በጠርዙ በኩል ስለሚፈስስ ቀለሙ ፓቹን በኤሌክትሪክ ያስረዝመውና ፍሪኩዌንሲውን ወደ ታች ይጎትተዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ለ28 ጊጋሄርዝ በሠራሁት አሬይ ላይ ይህንኑ ስሕተት ፈጽሜ፣ ሲሙሌሽኑን፣ ኮኔክተሩንና የመለኪያ መሣሪያውን በየተራ ስከስ ከርሜ፣ በመጨረሻ ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ነው የነቃሁት።

ቀጥሎ ፓቹን በማይክሮስኮፕ ይለኩት። ርዝመቱ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ተራ የኤቺንግ ሥራ 25 ማይክሮሜትር ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከ1.5 ሚሊሜትር ላይ 25 ማይክሮሜትር 1.7 በመቶ ሲሆን፣ በ60 ጊጋሄርዝ አንድ ጊጋሄርዝ ማለት ነው። ጠባብ ባንድ ያለው ፓች ይህን መሸከም አይችልም። ሰፊ ባንድ የሚፈለገው ለመረጃ ብቻ ሳይሆን የፋብሪካን እጅ መንቀጥቀጥ ለመቻልም ጭምር ነው፤ በመጻሕፍት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ይታለፋል።

መዳቡንም ይጠይቁ። በ60 ጊጋሄርዝ ጅረቱ የሚሄድበት ጥልቀት 0.27 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከቦርዱ ጋር እንዲጣበቅ ሆን ተብሎ የተሻከረው የመዳቡ ታችኛ ገጽ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ የሆነ ወጣ ገባ ሊኖረው ይችላል። ለስላሳ መዳብ ካላዘዙ ከላይ የተገመተው 0.6 ዲቢ በሴንቲሜትር ምኞት ሆኖ ይቀራል። በተራው የቦርድ ዓይነት፣ በኤፍአር-4 ላይ ለመሞከር እንዳያስቡ እንጂ፤ በዳይኤሌክትሪኩ ብቻ በሴንቲሜትር ከ2 ዲቢ በላይ ይበላል፣ ስድስት ሴንቲሜትር ሲሄድ ለፓቹ የሚደርሰው ሽታው ነው።

ስለ ኤለመንቱም አንድ ነገር ልበል። ካቪቲና ስሎት ካልፈለጉ፣ የሆንግ ኮንግ ከተማ ዩኒቨርሲቲው ክዋይ-ማን ሉክ በ2006 ያስተዋወቁት ማግኔቶ-ኤሌክትሪክ ዳይፖል ለባለ ብዙ ንጣፍ ቦርድ የተመቸ ነው። አግዳሚ የሆነው መዳብ እንደ ኤሌክትሪክ ዳይፖል፣ በሁለት ረድፍ ቪያ (ንጣፎቹን የሚያገናኝ በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ) የተሠራው ቀጥ ያለ ክፍተት ደግሞ እንደ ማግኔቲክ ዳይፖል ይሠራሉ፤ የሁለቱ ጨረር ወደ ፊት ይደመራል፣ ወደ ኋላ ይጠፋፋል። ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ባንድ የሚሸፍን ሲሆን ጌይኑም በባንዱ ውስጥ ብዙም አይናወጥም። ቁመቱ በቦርዱ ውስጥ የሚያጥረው የሞገድ ርዝመት ሩብ ስለሆነ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከአንድ ሚሊሜትር አያልፍም። ዌቭጋይዱን ከታች፣ እነዚህን ከላይ አድርገው በቀዳዳ ሊያገናኟቸው ይችላሉ።


የሞገድ መንገድ

ቦርድ ጠራቢ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ ቀለሙ መጠየቅ ነበረብኝ።

ወደ ጥያቄዎችዎ ልመለስ። ሁለቱን ሳህኖች በብሎን ብቻ ካጣበቋቸው ብሎኖቹ መካከል መቶኛ ሚሊሜትሮች ክፍተት መቅረቱ አይቀርም፤ ግድግዳው የጎን ጅረት በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ከተከፈተ ኃይሉ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ይሰርጋል። መፍትሔው ክፍተቱን መዝጋት ሳይሆን ክፍተቱ እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፔር-ሲሞን ሺልዳል በ2009 ያቀረቡት ጋፕ ዌቭጋይድ ሐሳቡ ይህ ነው። ከሞገዱ መንገድ ግራና ቀኝ ግድግዳ በማቆም ፈንታ ቁመታቸው የሩብ ሞገድ ርዝመት የሚያህል፣ እዚህ ላይ 1.25 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ጥቃቅን የብረት ምሰሶዎች ይደረደራሉ። ከምሰሶዎቹ ጫፍ እስከ ላይኛው ሳህን ያለው ክፍተት ከሩብ ሞገድ ርዝመት እስካነሰ ድረስ ሞገዱ በምሰሶዎቹ መካከል ማለፍ አይችልም። ሳህኖቹ ሳይነካኩ ዌቭጋይዱ ይሠራል። ለእርስዎ ወርክሾፕ የተሠራ ይመስላል።

ፋብሪ ፔሮን በተመለከተ፣ ሐሳቡ የጊስቫልት ፎን ትሬንቲኒ የ1956 ሥራ ነው፤ ቀላልነቱም እውነት ነው፤ ለእርስዎ ባንድ ግን በቀላሉ አይሆንም። በግርድፉ፣ የአንጸባራቂው ገጽ የነጸብራቅ መጠን 0.9 በአምፕሊቱድ (በኃይል ሳይሆን በሞገዱ ቁመት) ቢሆን ጌይኑ በ19 እጥፍ፣ ማለትም በ12.8 ዲቢ ያድጋል፤ ባንዱ ግን 3.4 በመቶ ገደማ ነው። የእርስዎን 14.6 በመቶ ለማግኘት የነጸብራቁን መጠን ወደ 0.63 ማውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ የሚጨምረው 6.4 ዲቢ ብቻ ይሆናል። በአንድ ፓች ላይ ቢጨምሩት 13 ወይም 14 ዲቢአይ ነው፤ ከ30 በጣም ይርቃል። የነጸብራቁ ፌዝ ከፍሪኩዌንሲ ጋር አብሮ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ባለ ሁለትና ሦስት ንጣፍ ገጽ ባንዱን ያሰፋዋል፤ ነገር ግን ያኔ ቀላልነቱ አብሮ ይሄዳል። ከዚህ ይልቅ ያቺን 6 ዲቢ ይዘው በእያንዳንዱ የዌቭጋይድ መውጫ ላይ እንደ ትንሽ ካቪቲ ቢጠቀሙባት የተሻለ ነው፤ የ2×2 ካቪቲዎች የሚሠሩትም ከዚህ ብዙ የተለየ ሥራ አይደለም።

ስለ ልኬት አንድ ማስጠንቀቂያ። አሬይዎ 64 ሚሊሜትር ጎን ካለው ሰያፉ 90 ሚሊሜትር ነው፤ የሩቅ መስክ ርቀቱ (ጌይኑ በትክክል የሚለካበት ዝቅተኛው ርቀት) በ66 ጊጋሄርዝ ከ3.5 ሜትር ይበልጣል። በላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር አርቀው ከለኩት ጌይኑ ጎድሎ፣ ባዶ ቦታዎቹም ተሞልተው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ንድፉን መጠራጠር ይጀምራሉ። ውጤቱንም ሲያቀርቡ የኤስ11ን ባንድ ለብቻው አይጥቀሱ፤ ጌይኑ ከከፍተኛው በ3 ዲቢ የሚወርድበትን ወሰን፣ ያውም በአንድ ቋሚ አቅጣጫ የተለካውን፣ ከጎኑ ያስቀምጡ።


አምስት ሚሊሜትር (ጠያቂ)

ቦርዱ አረንጓዴ ነው። ዛሬ ጠዋት በላብራቶሪያችን ማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ቀለሙ በሁሉም ፓቾች ላይ አለ፣ ርዝመታቸውም ከንድፉ 20 ማይክሮሜትር ያህል ይበልጣል። በሲሙሌሽኑ ላይ 25 ማይክሮሜትር ቀለም ስጨምር 0.7 ጊጋሄርዝ ወረደ፤ የፓቹን ርዝመት ወደ ለካሁት ስለውጠው ደግሞ ሌላ 0.8 ወረደ። ሁለቱ ሲደመሩ ያ የጠፋው 1.5 ጊጋሄርዝ ነው።

ስለዚህ የተለጣጠፈውን ማይክሮስትሪፕ ትቼ ከታች ጋፕ ዌቭጋይድ፣ ከላይ 2×2 ካቪቲ ያላቸው ስሎቶች አድርጌ እንደገና ጀምሬያለሁ። በ60 ጊጋሄርዝ ከ64 ሚሊሜትር ጎን የሚገኘው ከፍተኛው ዳይሬክቲቪቲ 33.1 ነው፤ 80 በመቶ ኤፊሸንሲ ባገኝ 32 ዲቢአይ ይሆናል። ሙሉውን ከማሠራቴ በፊት የመከፋፈያውን አንድ አራተኛ፣ 4×4 መውጫ ያለውን፣ በአሉሚኒየም አስቀርጬ ልለካው ነው። ወርክሾፑ ያለው ትንሹ መቁረጫ ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር ነው።


የሞገድ መንገድ

እንግዲያው ሥዕሉን ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ያስተካክሉ። የ1 ሚሊሜትር መቁረጫ በየትኛውም የውስጥ ማዕዘን ላይ 0.5 ሚሊሜትር ራዲየስ ይተዋል፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሊሰጥዎ አይችልም። በመከፋፈያው መሐል የሚገባው የማዛመጃ ሽብልቅ ሥሩ ላይ ይህ ክብነት ሲጨመርበት ዝምድናው ይዛባል። ክብነቱን አሁኑኑ በሲሙሌሽኑ ውስጥ ያስገቡና ሽብልቁን በእሱ ላይ ተመሥርተው እንደገና ያስተካክሉት። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ መቁረጫው አይገባም፤ 1.1 ያድርጉትና ምሰሶዎቹ ሞገዱን የሚያግዱበት ባንድ አሁንም ከ57 እስከ 66 መሸፈኑን ያረጋግጡ።